«እኔን ማን ይፈልገኛል?» ለምትሉ

ለዘመድም ለጎረቤትም ኮምፒውተር ሳስተካክል አንድ ንግግር እየተደጋገመ ይገጥመኛል። አፕዴቱ ይጫን፣ ፓስወርዱ ይቀየር ስል፣ «እኔ ሀብታም አይደለሁ፣ ባለሥልጣን አይደለሁ፤ እኔን የትኛው ሀከር ይፈልገኛል?» ይሉኛል። ከልባቸው ነው የሚሉት። ግማሹም እውነት ነው፤ ማንም እነሱን ለይቶ አይፈልጋቸውም። ችግሩ ግን ዛሬ ለመጠቃት መፈለግ አያስፈልግም።

አብዛኛውን ጥቃት የሚያካሂደው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የማን ቤት እንደሆነ ሳይጠይቅ በመንደሩ ያለውን በር ሁሉ እየገፋ እንደሚያልፍ ሌባ ነው። የተቆለፈ ሲገጥመው ያልፋል፤ ክፍት ያገኘ ቀን ይገባል። ስለዚህ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ከነገሩ ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው «የእኔ በር ተቆልፏል ወይ?» የሚለው ነው።

ይህን የምጽፈው ለኮምፒውተር ባለሙያ አይደለም። ላፕቶፑን ለፎቶ፣ ለቪዲዮ፣ ለትምህርትና ለደብዳቤ ለሚጠቀም ሰው ነው። ያየሁትንና ሲሠራ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በጣም የከነከነኝ የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ነው። አንድ ማታ ደውላ «ፎቶዎቼ አልከፈት አሉኝ፣ እባክህ ናና እይልኝ» አለችኝ። ሄጄ ላፕቶፑን ከፈትኩት። የሠርጓ ፎቶ፣ ልጇ ከተወለደ ጀምሮ የተነሳው ሁሉ እዚያው ነበር። ፎልደሮቹ አሉ፣ ፋይሎቹም አሉ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ተለጥፈዋል። የፎቶዎቹ ትንንሽ ምስሎች ጠፍተው ባዶ ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቷል። በየፎልደሩ ደግሞ «አንብቡኝ» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል።

ከፈትኩት። አትጨነቁ፣ ፋይሎቻችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ ይላል። ዋጋው 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፋችሁልን ግን ግማሹን፣ 490 ዶላር ብቻ ትከፍላላችሁ ይላል። እውነተኛ መሆናችንን እንድታዩ አንድ ፋይል በነጻ እንከፍትላችኋለን ብሎም ይጨምራል። ገበያ ላይ ቅናሽ እንደሚያደርግ ነጋዴ ተረጋግተው ነው የጻፉት። እሷ ከጀርባዬ ቆማ «ምን ይላል?» ስትለኝ ለመተርጎም ቸገረኝ።

ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ራንሰምዌር ይባላል። ይህኛው «ስቶፕ» ወይም «ዲጃቩ» በሚል ስም ይታወቃል። ትልልቅ ድርጅቶችን አያሳድድም። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዋና ሰለባዎቹ በየቤቱ ያሉ ሰዎች ናቸው። የሚገባውም በአብዛኛው በአንድ መንገድ ነው፦ በክራክ። የሚሸጥን ፕሮግራም በነጻ ለመጫን የሚወርደው ማስከፈቻ ማለቴ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለልጇ ልደት ቪዲዮ ልታዘጋጅ ፈልጋ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክራክ አውርዳ ነበር። የተጻፈው መመሪያ «አንቲቫይረሱን መጀመሪያ አጥፉት፣ በስህተት ነው የሚጮኸው» ይላል። እንደተባለችው አጠፋችው። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ የሚመስል መስኮት መጣ። ላፕቶፑ ቢንቀራፈፍም «አፕዴት ነው» ብላ ታግሳ ጠበቀች። ያ መስኮት የውሸት ነው። ከጀርባው ፋይሎቿ አንድ በአንድ እየተቆለፉ ነበር። በእሷ አልፈርድም። ብዙ ሰው «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚለውን እንደ ተራ የአጫጫን ደንብ ነው የሚያየው። እኔ ግን አሁን ለሁሉም የምለው ይህንን ነው፦ አንድ ፕሮግራም ለመጫን መከላከያችሁን አጥፉ ካላችሁ፣ እዚያው ላይ አቁሙ። ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ቫይረሱ ፋይሉን በሙሉ አይቆልፍም። ለመፍጠን ሲል የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው የሚቆልፈው። ለፎቶ ይህ በቂ ጉዳት ነው። ረዘም ያለ ቪዲዮ ግን አብዛኛው አካሉ ሳይነካ ይቀራል፤ ስለዚህ በመጠገኛ ፕሮግራም አንዳንዱን ማዳን ይቻላል። ሌላው ነገር ቁልፉ ነው። ቫይረሱ ሥራ ሲጀምር የሌቦቹን ሰርቨር በኢንተርኔት ካገኘ፣ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ቁልፍ ይቀበላል። ካላገኘ ግን ይዞት የመጣውን፣ ለብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት የሆነውን ቁልፍ ይጠቀማል። ኤምሲሶፍት የተባለ የደህንነት ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ነጻ መፍቻ አውጥቷል። መፍቻው ለድሮዎቹ ዝርያዎችና ቁልፋቸው ለተገኘው ለእነዚህ የጋራ ቁልፎች ይሠራል። በደብዳቤው ላይ ያለው የግል መለያ «t1» በሚል ካለቀ የጋራው ቁልፍ ነው ማለት ነው፤ ተስፋ አለ።

የእሷ መለያ ግን በ«t1» አላለቀም።

ቤዛውን አልከፈልንም። እኔ አትክፈሉ ባይ ነኝ፤ ገንዘቡን ተቀብለው የሚጠፉ አሉ፣ የተከፈለውም የሚቀጥለውን ሰው ማጥቂያ ይሆናል። ፎቶዎቹን በተመለከተ ያገኘነው ለእናቷና ለእህቶቿ በቴሌግራም የላከቻቸውን ነው። ጥራታቸው ቢወርድም አሉ። ጥቂት ቪዲዮዎችም ተጠገኑ። የቀሩትን የተቆለፉ ፋይሎች አልሰረዝንም፤ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠን አስቀመጥናቸው። ፖሊስ ሌቦችን ሲይዝ ወይም ተመራማሪዎች ሲሳካላቸው ቁልፍ ይፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከደህንነት ድርጅቶች ጋር በ2016 (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ድረ ገጽ እንዲህ ያሉ መፍቻዎችን በነጻ ያቀርባል። ይህ ዕጣ ከደረሰባችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደዚያ ይሁን። «ፋይል እናስመልሳለን» እያሉ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚጽፉላችሁ ሰዎች ዘንድ አይደለም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ነው። ከዚህ ራንሰምዌር ጋር ብዙ ጊዜ ፓስወርድ የሚሰርቅ ሌላ ቫይረስ አብሮ ይገባል። ብሮውዘር ውስጥ «አስታውስልኝ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ይጠርጋል። ኩኪዎቹንም ይወስዳል። ኩኪ ማለት ድረ ገጹ እንደገና ፓስወርድ እንዳይጠይቃችሁ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ ነው። እሱን የያዘ ሌባ ያለ ፓስወርድ፣ በስልክ የሚላከውን ኮድ እንኳ ሳይጠየቅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን እያሰብን ሳለ አስቸኳዩ ሥራ ሌላ ነበር። ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አላቀቅነው። በስልኳ ገብተን የኢሜይሏን ፓስወርድ ቀየርን፣ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ነካን። ቀጥሎ የባንክ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች። በመጨረሻ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጽድተን ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንን።

ለምን ከኢሜይል እንደጀመርን ልንገራችሁ። ፓስወርድ ረሳሁ ስትሉ መቀየሪያው የሚላከው ወደ ኢሜይላችሁ ነው። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ተራ በተራ ይረከባችኋል። ጊዜ ኖሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ፣ ኢሜይላችሁን የትም ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ረጅም ፓስወርድ ስጡትና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ክፈቱለት።

«የትም ቦታ ያልተጠቀማችሁበት» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያሁ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በደረሰበት ስርቆት የሦስት ቢሊዮን አካውንቶቹ ሁሉ መረጃ እንደወጣ ያመነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ከሊንክድኢን በ2012 የተሰረቀው መረጃ ደግሞ በ2016 ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ለሽያጭ ወጣ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የገዛ ሰው ቁጭ ብሎ አያነበውም። ኢሜይሉንና ፓስወርዱን ለፕሮግራም ይሰጥና በሌሎች ድረ ገጾች ሁሉ ያስሞክረዋል። በማትረባ የጨዋታ ገጽ ላይ የተጠቀማችሁበት ፓስወርድ የኢሜይላችሁም ከሆነ፣ የጨዋታው ገጽ የተሰረቀ ዕለት ኢሜይላችሁም ሄደ። ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» (Have I Been Pwned) የሚባል ድረ ገጽ አለ። ኢሜይላችሁን ስታስገቡ በየትኛው ስርቆት ውስጥ እንደወጣ ይነግራችኋል። ለሰው ከምሰጠው ምክር ሁሉ ይህን ማሳየት የበለጠ ይሠራል። «እኔን ማን ይፈልገኛል?» ይል የነበረ ሰው የራሱን አድራሻ እዚያ ሲያገኝ ዝም ይላል፤ ከዚያ «እሺ፣ ምን ላድርግ?» ይላል።

ለዚህ ሁሉ ፓስወርድ ማስታወስ አይቻልም፤ አይጠበቅባችሁምም። የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ለፕሮግራም የማይመቻቸው ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ደብተር ላይ ይጻፉት። አዎ፣ ደብተር። «ፓስወርድ አይጻፍም» የሚለው ምክር ለቢሮ ጠረጴዛ ነው እንጂ ለቤት ቁም ሳጥን አይመስለኝም። ከሩቅ ያለ ሌባ ቁም ሳጥናችሁን አይከፍትም። ሁሉም ቦታ አንድ ፓስወርድ ከመጠቀም ደብተሩ እጅግ ይሻላል። በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚባለውንም ተዉት፤ ሰው «1» የነበረውን «2» ከማድረግ በቀር ሌላ ሲሠራ አላየሁም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም እንኳ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን አይመክርም። ተሰረቀ ስትባሉ ግን ያኔውኑ ቀይሩ።

ቫይረስ ሳይኖር፣ በአንድ መልእክት ብቻ የሚያዝም አለ። እትዬ የምንላቸው የእናቴ ጓደኛ ናቸው። ከእህታቸው ልጅ አካውንት በቴሌግራም መልእክት መጣላቸው፦ «ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጡኝ፤ የሚመጣላችሁን ቁጥር ላኩልኝ።» ላኩ። ብዙም ሳይቆይ በእሳቸው ስም ለዘመድ አዝማድ «አስቸኳይ ገንዘብ ቸግሮኝ ነበር» የሚል መዝነብ ጀመረ። አንዲት ዘመዳቸው ብትደውልላቸው ነው ነገሩ የታወቀው።

ስልክ ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ቴሌግራሙ አሁንም ስልክዎ ላይ ይከፈታል?»

«ይከፈታል። ግን እኔ ያልጻፍኩት ነው ያለው።»

«ጥሩ ነው፤ እንዳይዘጉት። ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና ‹ዲቫይስስ› የሚለውን ይንኩልኝ።»

ገቡ። የእሳቸው ስልክ ከላይ አለ። ከሥር የማያውቁት ኮምፒውተር፣ ከማያውቁት አገር። «ይሄማ የኔ አይደለም!» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ከእሳቸው ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ የሚያስወጣውን ቀይ ጽሑፍ ነኩ፤ ሌባው ወጣ። ይህን ማወቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው፦ ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ወዲያው የድሮዎቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ለ24 ሰዓት ያህል ይከለክለዋል። ያ ጊዜ የእናንተ ነው። ተደናግጣችሁ አፑን ከሰረዛችሁት ግን ዕድሉን በእጃችሁ ትጥሉታላችሁ። ከዚያ እዚያው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፈትንላቸው። አሁን ኮዱ ብቻ አያስገባም፤ እሳቸው ያወጡት ፓስወርድም ይጠየቃል።

የመግቢያ ኮድ ለማንም አይሰጥም። ለእህት ልጅ አይሰጥም፣ «ከድርጅቱ ነኝ» ለሚልም አይሰጥም። መልእክቱ የመጣው ከምታውቁት ሰው አካውንት መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ እሱም ቀድሞ ተወስዶበት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ ደውሉ፣ ድምፅ ስሙ።

ስለ አፕዴት ብዙ ጊዜ «በኋላ» የሚለውን የሚነኩ ሰዎች አይቻለሁ። ዋናክራይ ስለሚባለው ራንሰምዌር የምነግራቸው ለነሱ ነው። በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ግን ማይክሮሶፍት ያወጣው በመጋቢት ነበር፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ማንም ሊንክ እንዲነካ አልጠየቀም፤ ያልታደሰ ኮምፒውተር መሆን ብቻ በቂ ነበር። ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ከሆነ መደበኛው ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል፤ ለቤት ተጠቃሚ የተሰጠው ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት ምዝገባ የሚጠይቅ ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ አሻሽሉት።

ራውተሩንም፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን፣ አትርሱ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሚራይ የተባለ ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። የተጠቀመው ረቂቅ ጥበብ አልነበረም፤ ከፋብሪካ ይዘዋቸው የሚወጡትን 60 ያህል የተለመዱ የስምና የፓስወርድ ጥንዶች ብቻ ሞከረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 እነዚህ የቤት ዕቃዎች ተሰባስበው ብሮውዘር የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያገኝበትን ዳይን የተባለ ድርጅት ሲያጨናንቁ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። የእናንተ ቤት ዕቃ ሌላውን ማጥቂያ እንዳይሆን የፋብሪካውን ፓስወርድ ቀይሩት። የዋይፋዩን ብቻ አይደለም፤ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ የሚያስገባውንም ነው።

አንቲቫይረስ ልግዛ ወይ የሚለውን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ለተራ የቤት ሥራ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል፤ ካልተዘጋና አፕዴት ከተደረገ። ሁለት አንድ ላይ መጫን ኮምፒውተሩን ማንቀራፈፍ ነው። በድንገት ስክሪኑን ሞልቶ «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚለው ደግሞ ድረ ገጽ ብቻ ነው። አትደውሉ። ብሮውዘሩን ዝጉት፤ አልዘጋ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት።

የሰው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ የማደርገው አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ የፋይል ስም መጨረሻውን እንዲያሳይ አደርገዋለሁ። ዊንዶውስ በራሱ ይደብቀዋል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን ያዳረሰው የ«አይ ላቭ ዩ» ቫይረስ የተጠቀመው በዚህ ነበር። ተራ የጽሑፍ ፋይል መስሎ መጣ፤ እውነተኛው መጨረሻው ግን ተደብቆ ነበር። ዛሬም «ፎቶ» ተብሎ የሚላክላችሁ ነገር መጨረሻው «ኢኤክስኢ» (.exe) ከሆነ ፕሮግራም እንጂ ፎቶ አይደለም።

ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) ግን ለምኜም ቢሆን አስደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ሊከሽፍ ይችላል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ፎቶና ሰነዶቻችሁን ገልብጡ፣ ከዚያ ንቀሉት። መንቀሉ ዋናው ነው፤ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ከኮምፒውተሩ እኩል ይቆለፋል። ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ላይ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የተቆለፈው ፋይል ወደዚያም ሊሻገር ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። የድሮውን ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚይዙ ቶሎ ከደረሳችሁ መመለስ ይቻላል። ለእኔ የቤት ደንቡ እንዲህ ነው፦ የማይተካ ፎቶ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለት ዲስክ አላት፤ አንዱ እናቷ ቤት ነው። ገልብጣ ስትጨርስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ የተወሰኑ ፎቶዎች ትከፍትና ታያለች። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከተከፈቱ በደንብ ተገልብጠዋል ማለት ነው፤ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዲስኩ ላይ ለጥፉት።